ያገለገለ የሂሊየም-ኒዮን ሌዘር አተካከል፦ ለጎጃም ሰብሳቢዎች

በትርፍ ጊዜው ጋዝ ሌዘር መሰብሰብ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ዕቃ የሂሊየም-ኒዮን ሌዘር ቢሆን ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1960 መጨረሻ ዓሊ ጃቫን፣ ዊሊያም ቤኔትና ዶናልድ ሄሪዮት በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የሠሩት የመጀመሪያው ጋዝ ሌዘር ይኸው ዓይነት ነበር፤ የያኔው ጨረር ለዐይን የማይታይ ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀው የ632.8 ናኖ ሜትር ቀይ ጨረር የተገኘው በ1962 ነው። ለአሥርት ዓመታት በሱፐርማርኬት የዋጋ ማንበቢያዎች፣ በፊዚክስ ቤተ ሙከራዎችና በቅየሳ መሣሪያዎች ውስጥ ካገለገለ በኋላ ቦታውን በአብዛኛው ለትንንሾቹ የሴሚኮንዳክተር ሌዘሮች ስለለቀቀ፣ ጋዙን የያዘውና ገና ዕድሜ ያለው የብርጭቆ ቱቦ ከአሮጌ መሣሪያ ጋር ተጥሎ ይገኛል። አርጎን ሌዘር በሰማያዊና በአረንጓዴ ጨረሩ ልብ ቢማርክም፣ ትንሹ እንኳ ከ1 ኪሎ ዋት በላይ ይበላል፣ ያለ ኃይለኛ ማራገቢያም አይሠራም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ደግሞ የማይታይና የሚያቃጥል ጨረር ስላለው ለጀማሪ ፈጽሞ አይሆንም።

ቱቦው ከመገዛቱ በፊት መስተዋቶቹ በምን እንደታሸጉ ይጠይቁ። በድሮዎቹ ቱቦዎች ላይ መስተዋቶቹ በሙጫ የተያያዙ በመሆናቸው ዓመታት ሲያልፉ ሂሊየሙ እየወጣ አየር ይገባባቸዋል፤ በቀለጠ ብርጭቆ የታሸጉት ግን መደርደሪያ ላይ ሃያ ዓመት ቢቀመጡም ብዙዎቹ ይሠራሉ። ቱቦው እጅ ከገባ በኋላ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ቀስ እያሉ እያዞሩ ይመርምሩት። በብዙ ቱቦዎች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ጌተር የሚባለው፣ የሾለከ አየር እንዲመጥ የተቀባ ብረት ይታያል። እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ወይም የጠቆረ ከሆነ ቱቦው ደኅና ነው፤ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ግን አየር ገብቷልና ገንዘብ አይውጣበት። ጫፎቹ ላይ ያሉትን የመስተዋት መያዣዎች ማጠፍም ሆነ ብሎኖቻቸውን በካቻቢቴ መነካካት አይገባም፤ ሁለቱ መስተዋቶች ፊት ለፊት የሚተያዩት እጅግ በጠበቀ ልክ ስለሆነ ለዐይን የማይታይ ዝንፈት እንኳ ጨረሩን ያጠፋዋል።

ቱቦውን ከነፓወር ሰፕላዩ (ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚሰጠው መሣሪያ ጋር) የሚሸጥ ሰው ከተገኘ፣ ዋጋው ቢወደድም የእሱን መግዛት ያዋጣል። ለየብቻ ከተገዙ መመሳሰላቸው መረጋገጥ አለበት። 1 ሚሊ ዋት ገደማ የሚሰጥ አጭር ቱቦ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሚሊ አምፒር ሲፈልግ፣ 5 ሚሊ ዋት የሚሰጠው 6.5 ሚሊ አምፒር አካባቢ ይፈልጋል፤ ሲሠራ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ቮልት፣ ለመነሣት ደግሞ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ቮልት ያሻዋል። አምፒር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ይደምቃል ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም፤ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ጨረሩ ይደክማል፣ የቱቦውም ዕድሜ ያጥራል። ጋዙ አንዴ ከተቀጣጠለ በኋላ አምፒሩን በራሱ ስለማይገታ፣ ከአኖዱ (ከፖዘቲቩ ጫፍ) አጠገብ 75 ኪሎ ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር በተከታታይ መኖር አለበት፤ ሻጩ ይህን ሬዚስተር ቆርጦ አስቀርቶት እንደሆነ በቴስተር ይለኩ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው አኖድና ካቶድን መለየት ነው። ሰፊው የአሉሚኒየም ሲሊንደር የተያያዘበት ጫፍ ካቶድ ሲሆን ከኔጌቲቩ ጋር ይገናኛል፤ ሌላኛው አኖድ ነው። ተገላብጦ ከተገናኘ ከትንሹ ጫፍ የሚፈናጠረው ብረት መስተዋቱ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ጤነኛ ቱቦ በአጭር ጊዜ ይበላሻል። የሽቦው ቀለም ቀይ ስለሆነ ብቻ ማመን አይገባም፤ ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው ቀይሮት ሊሆን ይችላል።

የጎጃም ሰብሳቢ ደግሞ በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ ብዙም የማይጠቀስ ጉዳይ አለበት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር፣ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በደብረ ማርቆስ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የቀጠነ አየር ከፍተኛ ቮልቴጅን የመከላከል አቅሙም ስለሚቀንስ፣ ቆላ አገር ላይ ያለችግር የሚሠራ ሌዘር እዚህ ከአኖዱ ወደ ብረት ሽፋኑ እሳት ሊረጭ ይችላል። ስለዚህ በአኖዱ ሽቦና በማንኛውም ብረት መካከል ያለውን ርቀት ከመመሪያው አስፍተው ይተዉ፤ ሹል የሆነ የብየዳ ጫፍ ካለ አድቦልቡለው በሲሊኮን ይሸፍኑት። ናስትሮ ጠቅልሎ መተው አይበቃም። ለዚህ የሚሆነውን ወፍራም የሲሊኮን ገመድ ከድሮ ቴሌቪዥን ማግኘት ይቻላል፤ ፒክቸር ቲዩቡን የሚመግበው ያ ገመድ ከ20 ኪሎ ቮልት በላይ ሲችል የኖረ ነው። በየከተማችን ያሉ አንጋፋ የቴሌቪዥን ጠጋኞች ይህን ሥራ ከማንም በላይ ያውቁታልና፣ የመጀመሪያውን ቀን ከአንዱ ጋር ሆኖ መሥራት ትልቅ ብልኅነት ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ በ115 ቮልት የሚሠራ ነው። ከጀርባው የቮልት መቀየሪያ ካለው ወደ 230 ተዛውሮ ፊውዙም በመመሪያው መሠረት ይለወጣል፤ ከሌለው ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ሶኬቱ እውነተኛ የመሬት ሽቦ እንዳለው ኤሌክትሪሺያን ያረጋግጥልዎ፤ በብዙ ቤቶች ሦስተኛው ቀዳዳ ባዶ ነው፣ የብረት ሽፋኑ ከመሬት ሽቦ ጋር ሳይገናኝ ግን ሌዘሩን ማብራት አይገባም። መብራት ከሄደ ስፒናውን ወዲያውኑ ይንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚከተለው የቮልቴጅ መዋዠቅ ካረፈ በኋላ በስታቢላይዘር በኩል ማገናኘት ይቻላል።

ስፒናው ከተነቀለ በኋላም በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ገዳይ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ደቂቃዎች ጠብቀው፣ ለከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሆን ሬዚስተር በደረቅ ፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ላይ አስረው፣ አንድ እጅዎን ኪስ ውስጥ አድርገው አኖዱንና ካቶዱን በእሱ ያገናኙ። ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት ይህን ሥራ አይሥሩ።

አምፒሩን ለመለካት በካቶዱ መስመር ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ገብቶ ቴስተሩ ዳርና ዳሩ ላይ ቀድሞ ይታሰራል፤ ከዚያ የሚነበበው እያንዳንዱ ቮልት 1 ሚሊ አምፒር ነው። ሌዘሩ በርቶ ሳለ ቴስተሩን መንካት የተከለከለ ነው።

ጤነኛ ቱቦ ሲበራ በመካከሉ ያለው ቀጭን ቧንቧ ወደ ብርቱካናማ በሚያደላ ደማቅ ሮዝ ይሞላል። ብርሃኑ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ነጣ ያለ ሰማያዊ ካደላ ጋዙ ተበክሏል። እየበራ እየጠፋ ከተርገበገበ አምፒሩ አንሷል ወይም ሬዚስተሩ ልክ አይደለም፤ ቱቦውን ከመውቀስ በፊት ይህ ይስተካከል። ቀለሙ ደኅና ሆኖ ጨረር ካልወጣ መስተዋቶቹ ዘንፈዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሳይበራ የኖረ ደካማ ቱቦ ጥቂት ሰዓታት ሲሠራ የሚያገግምበት ጊዜ ስላለ፣ ቸኩሎ መጣል አይገባም። ደኅናውም ቢሆን ኃይሉ የሚረጋው ሞቆ ሲያበቃ ነው።

ጨረሩ 5 ሚሊ ዋት ብቻ ቢሆንም በቀጥታ ዐይን ውስጥ ከገባ ይጎዳል። ሌዘሩን ተቀምጦም ቆሞም ከዐይን ትይዩ በማይሆን ከፍታ ላይ ያስሩትና ጨረሩን በማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም በተቀባ እንጨት ላይ ያሳርፉት። ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ፤ መስኮትና አዲስ ቆርቆሮ ጨረሩን ስለሚመልሱ በመንገዱ ላይ መኖር የለባቸውም። ሕፃናት ባሉበት ቤት ክፍሉ ይቆለፍ።

በክረምት እርጥበቱ በአኖዱ ዙሪያ ባለው አቧራ ላይ ሲያርፍ ቮልቴጁ በዚያው ይሾልካል፣ ሌዘሩም ለመነሣት ያስቸግራል። ስፒናው ተነቅሎ ካፓሲተሮቹ ከተራገፉ በኋላ የቱቦው ጫፎች፣ መስተዋቶቹ ሳይነኩ፣ ንጹሕ አልኮል በነካ ጨርቅ ተጠርገው ይድረቁ፤ ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ ሌዘርም ጤዛው እስኪለቀው ሳይበራ ይቆይ። ከሰኔ እስከ መስከረም ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው፣ በወር አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ያብሩትና ቀኑን፣ አምፒሩንና የብርሃኑን ቀለም በደብተር ይመዝግቡ።