ከደሴ ሆኜ አዲስ ልብ ወለድ በስልኬ የምሸጥበት መንገድ

ደሴ ፒያሳ ትንሽ የመጻሕፍት ሱቅ አለችኝ። በዓመት አንድ፣ ሲቀናኝ ሁለት ልብ ወለድ አሳትማለሁ። የመጀመሪያውን ያሳተምኩ ጊዜ የሽፋኑን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩና «በገበያ ላይ ዋለ!» ብዬ ጻፍኩ። ላይኩ ጎረፈ። «እንኳን ደስ አለሽ» የሚለውም ብዙ ነበር። በሁለት ሳምንት የሸጥኩት ግን አሥራ አንድ ነው። አራቱን የገዙኝ አክስቶቼ ናቸው።

አንድ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሱቅ ገብቶ «ግን ስለምንድን ነው?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። ለካ ሽፋን እንጂ ታሪክ ለማንም አላሳየሁም።

አሁን የምጀምረው ከቅምሻ ነው፤ ከመጽሐፉ ቆርጬ ለሰው ከማስነብባት አጭር ክፍል ማለቴ ነው። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት እርሳስ ይዤ አነበዋለሁ። አራት አምስት ቦታ አሰምራለሁ። የማሰምረው ቆንጆ አባባል ያለበትን አይደለም፤ አባባል ሰው ያደንቅና ያልፈዋል። አንድ ሰው ሊናገር አፉን የከፈተበትን፣ በር የተንኳኳበትን ቦታ ነው የምፈልገው። አንዱ ያሳተምኩት ልብ ወለድ ላይ አንዲት ልጅ ከባቲ ገበያ ስትመለስ፣ መኪናው ውስጥ ከኋላዋ የአባቷን ድምፅ ትሰማለች። አባቷ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። «ዞር አለች» የሚለው ላይ ቆረጥኩትና ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። ማታ አራት ሰዓት ከኮምቦልቻ ስልክ ተደወለ። «እታለም፣ አባቷ ነው አይደለም? እሱን ብቻ ንገሪኝና ልተኛ።» ትልቅ ሰው ናቸው፣ በድምፃቸው ያስታውቃሉ። «አልነግርዎትም» አልኳቸው። ጠዋት ሁለት መጽሐፍ አስላኩ።

ቅምሻው ከመቶ ሃምሳ ቃል አይብለጥ። የገጹን ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ፣ ተይቡት። ፎቶ ትንሽ ስልክ ላይ አይነበብም፣ የሰው ዳታም ይበላል።

ድምፅም ይሸጣል። ፍቅር እስከ መቃብርን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው በጆሮው ያነበበው ሰው ስንት ነው! እኔ ደራሲውን ራሱን ሁለት ደቂቃ አስነብበዋለሁ። ብርድ ልብስ ውስጥ ተከናንቦ ቢያነብ ድምፁ ይጠራል፤ ይሳቅብኝ እንጂ ሞክሩት። ከስር ሙዚቃ አትልቀቁ። አምባሰል ብወድም፣ ማሲንቆው ከአንባቢው ሲበልጥ ሰው ዘፈኑን ሰምቶ ይሄዳል።

የውጭ አሳታሚዎች ኔትጋሊ በሚባል ድረ ገጽ መጽሐፉን ገና ሳይወጣ ለአንባቢ ይሰጣሉ። ስለዚህ በወጣበት ቀን ጉድሪድስ በሚባለው የአንባቢዎች ድረ ገጽ ላይ አስተያየት ተጽፎለት ይቆያል። እኛ ጋ ይህን በአሥር ቅጂ መሥራት ይቻላል። ለታዋቂ ሰው አትስጡ፤ አመስግኖ መደርደሪያ ላይ ይሰቅለዋል። እኔ የምሰጠው ማታ ተረኛ ለሆነች ነርስ፣ ለፀጉር ቤት ባለቤት፣ ለአማርኛ አስተማሪ ነው። «ወደድሽው?» አልልም፤ በይሉኝታ አዎ ትለኛለች። «የቱ ገጽ ላይ አቆምሽ?» ነው የምላት። መልሷ ጥሩ ከሆነ አስፈቅጄ እንዳለ እለጥፈዋለሁ። ፀጉር ቤቷ ያለችው ልጅ «ደንበኛዬን ካስክ ውስጥ ረሳኋት» ብላ የጻፈችው፣ ጀርባ ሽፋን ላይ ካለው የምሁር አስተያየት በላይ ሸጦልኛል።

እያንዳንዱ ፖስት ሥር ዋጋ፣ ስልክ ቁጥርና የቴሌብር ቁጥር ይኑር። «ዋጋውን በኢንቦክስ» የሚባለውን ነገር አልወደውም። ሰው ለመግዛት የተነሳበት ስሜት መልስ እስኪያገኝ ይበርድበታል። ለሐይቅና ለኮምቦልቻ በዚያው ቀን በሚኒባስ እልካለሁ። ብቻ የክፍያ ደረሰኝ ፎቶ ስለመጣ መጽሐፉን አትላኩ። የራሳችሁ ስልክ ላይ ብሩ መግባቱን እዩ። እኔ አንዴ ለተቀናበረ ፎቶ ሦስት መጽሐፍ ሸኝቻለሁ።

ሰዓትን በተመለከተ፣ ለእኔ የሚሠራው ከምሽቱ ሁለት ተኩል በኋላ ነው፤ በረመዳን ደግሞ ከተራዊህ በኋላ። ደሞዝ የገባበትን ሳምንት አታሳልፉ። መብራትና ኔትወርክ ስለማይታመኑ ፖስቱን ቀን ላይ ሰዓት ሞልቼ አስቀምጣለሁ፤ ቴሌግራም ስልኬ ቢጠፋም በሰዓቱ ይለቅልኛል። ፌስቡክ ላይ በዶላር ካርድ ከፍሎ ፖስቱን ለብዙ ሰው ማሳየት፣ ቡስት ማድረግ የሚሉትም አለ። ካርዱ ያለው ሰው ስለሚያስከፍለኝ ትቼዋለሁ።

መጽሐፋችንን ያለፈቃድ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ የሚበትኑት ነገር የሁላችንም ቁስል ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን ቢሰጠንም፣ አንድ ቻናል ሲዘጋ ሌላ ይከፈታል። እኔ ቀድሜ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ራሴ በፒዲኤፍ እለቃለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ዋጋውና ስልኬ አለ። ፎርዋርድ ያደረገው ሁሉ በነፃ ያስተዋውቅልኛል።

አንድ ነገር ግን ከስልክ ውጭ ያዙ፤ ደብተር። የገዛኝን ሰው እያስፈቀድኩ ስሙን፣ ቁጥሩንና የወሰደውን መጽሐፍ እጽፋለሁ። ነሐሴ 2015 ላይ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ቻናሌ እዚያው ነበር፤ እኔ ግን መግባት አልቻልኩም። ያኔ ደብተሩን ገልጬ አንድ በአንድ ደወልኩ። ወልድያ ያለች ደንበኛዬ «ሁለት አስቀምጪልኝ፣ ሰው ሲመጣ አስወስዳለሁ» አለችኝ። ስሟን ላዩ ላይ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩላት።