ላፕቶፕ አላውቅህም ያለው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚገኘው ቢሮአችን ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ላፕቶፕ ውጫዊውን ሃርድ ዲስክ መለየት አቆመ፤ የዲስኩ መብራት ይበራል፣ የተሰኩ መሣሪያዎችን በሚዘረዝረው የዊንዶውስ መስኮት፣ በዲቫይስ ማኔጀር፣ ግን «ያልታወቀ የዩኤስቢ መሣሪያ» ከሚል ጽሑፍና ከስህተት ኮድ 43 በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

ገመዱን ቀየርሁ፤ የድሬ አቧራ ምንጊዜም ቀዳሚው ተጠርጣሪ ስለሆነ መሰኪያውንም አጸዳሁ። ዲስኩ በሌላ ኮምፒውተር ያለ ችግር በመከፈቱ ችግሩ የላፕቶፑ እንደሆነ ታወቀ። ላፕቶፑን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራትም አልረዳም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለው፣ ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሣ የሚያደርገው «ፋስት ስታርትአፕ» በሥራ ላይ ከሆነ፣ «ሸት ዳውን» የሥርዓቱን ዋና ክፍል ከነድራይቨሮቹ (መሣሪያዎችን ከሚያሠሩት ፕሮግራሞች) ሁኔታ አስቀምጦ በቀጣዩ ማብራት መልሶ ስለሚጭነው፣ የተበላሸውም ሁኔታ አብሮ ሊመለስ ይችላል፤ «ሪስታርት» ግን ሁሉንም ከአዲስ ይጀምራል።

ስለዚህ ያልታወቀውን መሣሪያ በቀኝ ጠቅታ ከፍቼ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» (መሣሪያውን አስወግድ) የሚለውን መረጥሁ፤ ዲስኩን ነቅዬ ላፕቶፑን ሪስታርት ካደረግሁ በኋላ መልሼ ስሰካው ወዲያው ታየ። እንዳይደገምም ከኮንትሮል ፓነል «ፓወር ኦፕሽንስ» ገብቼ ፋስት ስታርትአፕን አጠፋሁት፤ ላፕቶፑ ለመነሣት ጥቂት ቢዘገይም አላስቸገረኝም። ይህን ማጥፋት የማይፈልግ ሰው የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ «ሸት ዳውን» ቢል ለዚያ ጊዜ ብቻ ሙሉ በሙሉ ይጠፋለታል።