የ16 ፓውንዱን ፈቃድ በ99 ዶላር፦ ለጉዞ ፈቃድ ስናመለክት የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት አክስቴ ለልጅ ልጇ ክርስትና ከሜሪላንድ ወደ ለንደን ልትሄድ ተሰናዳች። ትኬቱ ተቆርጧል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው በየፌስታሉ ታስሯል። ሻንጣዋን ስትዘጋ አንዲት ጎረቤቷ፣ "የአሜሪካ ፓስፖርት ቢኖርሽም እንግሊዝ አሁን ኢቲኤ ትጠይቃለች፣ ሰምተሻል?" አለቻት። አልሰማችም። ኢቲኤ ቪዛ ለማይጠየቁ መንገደኞች በኢንተርኔት የሚሰጥ የጉዞ ፈቃድ ነው። ስልኳን አነሳች፣ ጎግል ላይ ጻፈች፣ መጀመሪያ የመጣውን ነካች፣ ፎርሙን ሞላች፣ ካርዷን አስገባች። ከዚያ ለእኔ ደወለች።

"አንተ ልጅ፣ እነዚህ እንግሊዞች እንዲህ ይጨክናሉ እንዴ? 99 ዶላር ወሰዱብኝ እኮ!"

እንግሊዞቹ አልወሰዱም። በወቅቱ የኢቲኤ ክፍያ 16 ፓውንድ ነበር፤ በዶላር ከ20 ትንሽ ከፍ ይላል። ቀሪውን የበላው ሳይጠሩት አቤት የሚል ደላላ ነው።

የሚያናድደው እነዚህ ሳይቶች ብዙ ጊዜ ዓይን ያወጡ ሌቦች አለመሆናቸው ነው። የሞላችሁትን ወስደው የመንግሥት ሳይት ላይ ይገለብጡታል፣ የመንግሥቱን ክፍያ ይከፍሉላችኋል፣ ፈቃዱም ይመጣል። ገጹ ግርጌ ላይ፣ በግራጫ ቀለምና በደቃቅ ፊደል፣ "ከመንግሥት ጋር ግንኙነት የለንም" ተብሎ ተጽፏል። ማን ያነበዋል? አክስቴ መነጽሯን አድርጋም አላየችውም። እኔም ያየሁት ሆን ብዬ ስለፈለግሁት ነው። ገንዘቡን ይዘው ድራሻቸው የሚጠፋም አሉ፤ እነሱስ ያው ሌቦች ናቸው።

ጎግል ያስቀደመውን መንካት

ገንዘቡ የሚጠፋው እዚህ ነው። ካርድ እስክታስገቡ ድረስ ነገሩ አልቋል።

"ዩኬ ኢቲኤ" ብላችሁ ስትፈልጉ ከላይ የሚደረደሩት ብዙ ጊዜ ማስታወቂያዎች ናቸው። "ስፖንሰርድ" የምትል ትንሽ ቃል አለች፤ ዓይን አትይዝም። በስልክ ሲሆን ደግሞ ማስታወቂያው ብቻውን ስክሪኑን ሊሞላው ይችላል። ትክክለኛው ሳይት ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። ደላላው ለዚያች ቦታ ለጎግል ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ከእናንተ ከሚያገኘው ነው።

ስለዚህ አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት። ለእንግሊዝ ጎቭ ዶት ዩኬ። ለካናዳ ካናዳ ዶት ሲኤ። ኤስታ ለሚባለው የአሜሪካ የጉዞ ፈቃድ፣ ኤስታ ዶት ሲቢፒ ዶት ዲኤችኤስ ዶት ጎቭ። ለኢትዮጵያ ቪዛ፣ ኢቪዛ ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ። እንግሊዝ የራሷ የስልክ አፕም አላት፤ እሱንም ከመንግሥቱ ገጽ ተነሥታችሁ ብታወርዱት ይሻላል።

በቴሌግራም ግሩፕ የተላከ ሊንክም አያስተማምንም። የላከው ሰው ቅን ሊሆን ይችላል። እሱ የተበላበትን ሳይት ነው በቅንነት የሚልክላችሁ።

አድራሻውን ከፊት አንብቦ መተው

አድራሻን እንደ እኛ ስም አስቡት። ፊት ያለውን እንደፈለጉ ያወጡታል። የማን ልጅ እንደሆነ የሚነግራችሁ ከኋላ የሚመጣው የአባት ስም ነው። "ኢቲኤ"፣ "ኤስታ"፣ "ጎቭ"፣ "ዩኬ" የሚሉትን ማንም ገዝቶ ፊት ሊደረድራቸው ይችላል። "ጎቭ" እና "ዩኬ" በሰረዝ ተያይዘው መጨረሻው ዶት ኮም ከሆነ አባቱ ሌላ ነው። እያያችሁ ሂዱ፤ ከ"ኤችቲቲፒኤስ" ቀጥለው ያሉትን ሁለት እዝባሮች ተዉና፣ ከዚያ ወዲህ ከሚመጣው የመጀመሪያ እዝባር በፊት መጨረሻ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ባንዲራ፣ ንስር፣ ዘውድ፣ ሰማያዊ መደብ ዋጋ የላቸውም። ለመቅዳት አምስት ደቂቃ አይፈጁም።

ዋጋውን ሳያውቁ መጀመር

አክስቴ ትክክለኛውን ዋጋ ብታውቅ 99 ስታይ ትደነግጥ ነበር። ስላላወቀች "ውድ ነው" ብላ ከፈለች። ለማነጻጸር ያህል፦ የእንግሊዙ በኤፕሪል 2025 ከ10 ወደ 16 ፓውንድ ከፍ አለ። የካናዳው 7 የካናዳ ዶላር ነው። እስራኤል ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ለምትጠይቀው ፈቃድ 25 ሰቅል ታስከፍላለች፤ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ለመሳለም የምትሄዱ የአሜሪካና የአውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁ ይህቺን ያዟት። የአሜሪካው ኤስታ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ከ21 ወደ 40 ዶላር ዘሏል። ኤስታ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ለእስራኤል ዜጎችም ስለተፈቀደ እዚያ ያሉ ወገኖቻችንንም ይመለከታል።

ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ከእኔም አትውሰዱ፤ በጉዞው ሰሞን የመንግሥቱን ገጽ እዩ።

የማያስፈልግ ፈቃድ መግዛት

የእኛን ሰው በብዛት የሚያስበላው ይሄኛው ይመስለኛል። ወሳኙ ነገር የምትኖሩበት አገር ሳይሆን የያዛችሁት ፓስፖርት ነው። ደላላው ግን ለማንም ይሸጣል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ፣ አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ ኖሯችሁ ለንደን ለጉብኝት የምትሄዱ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ቪዛ ነው። ኢቲኤ ለእናንተ አይደለም። መቶ ዶላር ብትከፍሉበትም አውሮፕላን አያሳፍራችሁም።

ቶሮንቶ ያለችውን እህታችሁን ለማየት ከዋሽንግተን የምትነሱ የአሜሪካ ዜጎች ደግሞ የካናዳ ኢቲኤ አትጠየቁም፤ ፓስፖርታችሁ ይበቃል። ግሪን ካርድ ያላችሁም ከኤፕሪል 2022 ወዲህ የአገራችሁን የጸና ፓስፖርትና ግሪን ካርዳችሁን ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ይህን የማያውቅ ስንት ሰው አለ!

የአሜሪካ ፓስፖርት ኖሯችሁ በለንደኑ ሂትሮ ኤርፖርት በኩል ወደ አዲስ አበባ የምታልፉ፣ የፓስፖርት ቁጥጥሩን ሳትሻገሩ አውሮፕላን ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ የእንግሊዝ ኢቲኤ አያስፈልጋችሁም። ሻንጣ ለመቀበል ወይም ሆቴል ለማደር ከወጣችሁ ግን ያስፈልጋችኋል።

አገር ቤት ስትገቡም እንዲሁ ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው፣ ያ ቢጫ ካርድ፣ ካላችሁና ጊዜው ካላለፈ ቪዛ አትጠየቁም። ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ለኢቪዛ፣ ያውም በደላላ ሳይት፣ የከፈለ ሰው አውቃለሁ። ካርዱን ያገኘው ከጉዞው ተመልሶ ካልሲ ሲፈልግ ነው።

በሚቆጥር ሰዓት መደንገጥ

አንዳንዱ ገጽ ላይ ቀይ ሰዓት ይቆጥራል። "ማመልከቻዎ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይሰረዛል"፣ "ለአስቸኳይ 40 ዶላር ይጨምሩ" ይላል። ደላላው የመንግሥትን ውሳኔ የሚያፋጥንበት የጓሮ በር የለውም። እንግሊዝ ውሳኔውን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ትልካለች፤ ቢሆንም ሦስት የሥራ ቀን አስቡ። ለኤስታም ከበረራው ቢያንስ 72 ሰዓት ቀደም ብሎ ማመልከት ነው።

ስምና ኢሜይልን ለሌላ ሰው መተው

ብዙ ደላላ ሳይቶች ማመልከቻውን የሚልኩት በራሳቸው ኢሜይል ነው። መልሱ ለእነሱ ይደርሳል፣ እናንተ ትጠብቃላችሁ። የፓስፖርታችሁ ፎቶና የፊታችሁ ምስልም እዚያው ይቀራል፤ ደላላው ከአክስቴ ከበላው 80 ዶላር ገደማ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ስማችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። "የቤተሰብ ስም" ሲባል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል። ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው የሚሠራው፣ በዚያው ፊደል፣ "ኤች"ዋ ካለች ከነ "ኤች"ዋ። በፓስፖርት ቁጥር ውስጥ ዜሮንና ኦን መለየትም አለ። ኤስታ ላይ የፓስፖርት ቁጥር ተሳስቶ ከተከፈለ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ ክፍያ ነው። ደላላው በእናንተ ፋንታ ሲገለብጥ ቢሳሳት ኤርፖርት የሚቆመው እሱ አይደለም።

እግረ መንገዴን፦ የሰፈር የጉዞ ወኪል ፎርም ሞልቶላችሁ "20 ዶላር ለድካሜ" ቢል ነውር አይደለም። ፊቱን ታውቁታላችሁ፣ ዋጋውንም አስቀድሞ ነግሯችኋል።

ከተበሉ በኋላ ዝም ማለት

ማመልከቻው ገና ካልተላከ ወዲያው ለደላላው ሳይት ጽፋችሁ ሰርዙ። ከዚያ ወደ ካርዳችሁ ባንክ ደውሉና ክፍያውን እንደምትቃወሙ ንገሩ። የክፍያውን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። አንዳንዴ ይሳካል።

ለአክስቴ አልተሳካም። ባንኩ ከሳምንታት በኋላ "ተስማምቻለሁ የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርገሻል" ብሎ መለሰላት። ፈቃዱ ግን ደርሶ፣ ክርስትናው ላይ ተገኝታ፣ ሕፃኑን ታቅፋ ፎቶ ላከችልን። ከፎቶው ሥር፣ "በ99 ዶላር ስንት ኪሎ በርበሬ ይመጣ ነበር?" ብላ ጻፈች። አሁን ፍሪጇ ላይ በማግኔት የተለጠፈች ወረቀት አለች። በእጅ ጽሑፏ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ጎቭ ዶት ዩኬ ትላለች።