ሳጥን ሆኖ የወጣ የዪ ፊደል ሲያጋጥማችሁ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነው የምሠራው። ባለፈው አንድ ተማሪ ስለ ዓለም ጽሕፈቶች የሠራውን አሳይመንት በፍላሽ ይዞ መጣ። ፕሪንት ሳደርግለት የዪ ፊደል የነበረበት ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን ወጣ። «ቫይረስ በላው!» ብሎ ደነገጠ። ምንም የበላው ነገር የለም።

ዪ ቻይና ውስጥ፣ ሲቹዋንና ዩናን አካባቢ የሚነገር ቋንቋ ነው። ፊደሉ እንደኛው አንዱ ምልክት ለአንድ ሙሉ ድምፅ ነው፤ ግን ሀ ሁ ሂ እያለ በቅርጽ አይዛመድም፣ አብዛኛው ለየብቻው ይሸመደዳል። ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መዝገብ) ውስጥ የገባው ከኛ ፊደል ጋር በአንድ እትም ነው፦ 3.0፣ እንደ ፈረንጆቹ 1999። 1165 ምልክት አለው። የመጀመሪያው ቁጥሩ 40960 ነው፣ የኛ ሀ ደግሞ 4608።

ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ይሄ ቁጥር ነው፣ ቅርጹን የሚስለው ፎንቱ። ሳጥን ካያችሁ ቁጥሩ አለ፣ ፎንቱ ነው የጠፋው። ኖቶ ሳንስ ዪ ወይም ማይክሮሶፍት ዪ ባይቲ ጫኑና ጨረሳችሁ። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን አለቀለት፤ ሴቭ ሲደረግ ቁጥሩ ራሱ ተቀይሯል፣ ዋናውን ፋይል ፈልጉ። ለዚህ ነው ሁሌ በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድን ቁጥር ሁሉ ሳይቀይር በሚያስቀምጠው አጻጻፍ) ሴቭ አድርጉ የምለው።

ፊደሉን ከባዶ ለመጻፍ ኖትፓድ ላይ ꀀ ብላችሁ ጻፉ። ፋይሉን በኤችቲኤምኤል (እንደ ድረ ገጽ) ሴቭ አድርጉና በብሮውዘር ክፈቱት፣ ከዚያ ኮፒ አድርጋችሁ የፈለጋችሁበት ለጥፉት፤ ሳጥን ሆኖ ቢታይም በትክክል ነው የሚለጠፈው።

ዩቲኤፍ-8 ቁጥሩን እንዴት በሦስት ባይት (ከ0 እስከ 255 ባሉ ቁጥሮች) እንደሚከፍለው በወረቀት መሞከር ይቻላል። ቁጥሩን ለ4096 አካፍሉ፣ ድርሻው ላይ 224 ደምሩ። ቀሪውን ለ64 አካፍሉ፤ ድርሻው ላይም የመጨረሻው ቀሪ ላይም 128 ደምሩ። 40960 ለ4096 ልክ 10 ስለሚደርስ 234፣ 128፣ 128 ይሆናል። የደብረ ብርሃኑን ደ ብንወስድ 4848 ነው፦ 1 ደርሶ 752 ይተርፋል፣ 752 ለ64 ደግሞ 11 ደርሶ 48 ይተርፋል፤ 225፣ 139፣ 176። በዚህ ብርድ ጣት እስኪደነዝዝ ቁጭ ብዬ ያሰላሁት ነው፣ አትሳቁ።

አንድ ቁጥር ላይ ግን ስሙን አትመኑ፦ 40981። ዩኒኮድ ላይ «ዉ» የሚባል ፊደል ተብሎ ተመዝግቧል፤ እውነቱ ግን ከፊቱ ያለውን ፊደል ድገም የሚል ምልክት ነው። ተሳስተው ነው። ዩኒኮድ አንዴ የሰጠውን ስም ስለማይቀይር ትክክለኛውን በተለዋጭ ስም ጨመሩበት እንጂ የተሳሳተውም እንዳለ ነው። ዝርዝር ውስጥ በስም ስትፈልጉ እሱን በ«ዉ» ቦታ እንዳትከቱት።

ልጁን ፒዲኤፍ አድርገህ፣ ፎንቱን እዛው ውስጥ አካተህ አምጣ አልኩት። በማግስቱ አመጣው፣ በአንዴ ወጣለት።