ዲሂሚዲፋየሩ ይሠራል፣ ውሃ ግን የለም

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ቤዝመንት የሚኖር ሰው የሰመሩን ወበቅ ያለ ዲሂሚዲፋየር (የአየሩን እርጥበት ውሃ አድርጎ በውስጡ ባለ ባልዲ የሚያጠራቅም ማሽን) መግፋት ይከብደዋል። ማሽኑ ሲያስቸግር ግን ቶሎ «ተበላሸ» አይበሉ።

ባልዲው ባዶ ከሆነ
መጀመሪያ የክፍሉን እርጥበት ይለኩ፤ መለኪያው በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። ከ50 በመቶ በታች ካሳየ ማሽኑ ሥራውን ጨርሷል። ከ60 በላይ ከሆነ መስኮቱን ይዝጉ፣ አለዚያ ማሽኑ የሚታገለው ከውጭው አየር ጋር ነው። ፊልተሩንም አውጥተው ይጠቡት፤ ሳይደርቅ አይመልሱት።

ከፊልተሩ ኋላ በረዶ ከታየ
ቤዝመንት ውስጥ ዋናው ጣጣ ይህ ነው። ኮምፕሬሰር ያለው ማሽን አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ እያሳለፈ ውሃውን ያወጣል። ክፍሉ ራሱ ከቀዘቀዘ ቱቦው ላይ ያረፈው ጤዛ በረዶ ይሆናል። ለብዙዎቹ ማሽኖች ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ (65 ፋራናይት) በታች ችግር ይጀምራል። ከሶኬት ነቅለው በራሱ እስኪቀልጥ ይተዉት። በቢላ የሚፍቁ አሉ፤ ቱቦው ከተበሳና የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ከወጣ ማሽኑ አለቀ። ከዚያ ክፍሉን ያሙቁ፣ ካልሆነም ለብርድ ክፍል የተሠራውን ዓይነት ይግዙ። ክፍሉ ሞቆ፣ ፊልተሩም ንጹሕ ሆኖ ደግሞ በረዶ ከሠራ ጋዙ አንሷል ወይም ፋኑ ደክሟል። ለርካሽ ማሽን ጠጋኝ መፈለግ፣ በእኔ ግምት፣ አያዋጣም።

ባልዲው ሳይሞላ «ሞልቷል» ካለ
ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ተጣብቋል፣ ወይም ባልዲው በደንብ አልገባም። አጥበው እስከ መጨረሻው ይግፉት።

የውሃ ማውጫ ጎማ ተገጥሞለት ውሃው ባልዲ ውስጥ ከቀረ
ጎማው መሃል ላይ ሽቅብ ወጥቷል ወይም ታጥፏል። ፓምፕ ከሌለው ውሃው የሚሄደው ቁልቁል ብቻ ነው።

ከሸተተ
ውሃ አድሮበታል፤ ባልዲውን በሳሙና ይጠቡ። ውሃው ጥርት ብሎ ሲታይ ለጀበና ያስመኛል፤ አይጠጣም።

ሶኬቱ ወይም ሽቦው ከጋለ
ወዲያው ይንቀሉ። ኤክስቴንሽን ላይ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩ። ያገለገለ ማሽን ከሆነ ደግሞ፣ ግሪ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሠራቸውና በተለያዩ የንግድ ስሞች የተሸጡ ብዙ ማሽኖች እሳት ሊያስነሱ ስለሚችሉ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲመለሱ ጥሪ ተደርጓል። የሞዴል ቁጥሩን በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ዝርዝር ያመሳክሩ፤ ካለበት ለዘመድም አይስጡት።