ስራ ቦታ ውላችሁ ጸሎት ለሚጠፋባችሁ
ስሜቱ ሲመጣ እጸልያለሁ የምትሉ ሰዎች፣ ስሜቱ ላይመጣም ይችላል፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ የእግዚአብሔር ስም የማይነሳበት ቢሮ ወይ ካምፓስ ከዋላችሁ። ዳንኤል እኮ በባዕድ መንግስት ትልቅ ባለስልጣን ሆኖ በቀን 3 ጊዜ ይጸልይ ነበር። ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉና (ድምፁን አጥፉት፣ ለሰው ማሳያ አይደለም) 2 ደቂቃም ቢሆን ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ። ቃል ካጣችሁ መዝሙረ ዳዊትን ክፈቱ፣ እዛ ውስጥ ምስጋና ብቻ ሳይሆን እስከ መቼ ትረሳኛለህ የሚል ለቅሶም አለ፣ ስለዚህ ያናደዳችሁንም ነገር ሳታሳምሩ እንዳለ ንገሩት። ደሞ ባልደረባችሁ ችግሩን ሲነግራችሁ እጸልይልሃለሁ ብላችሁ ብቻ አትለፉ፣ ማስታወሻ ላይ ያዙትና በሚቀጥለው አላርም ስሙን አንሱ፣ ከዛ በሳምንቱ ያ ነገር እንዴት ሆነ ብላችሁ ጠይቁት።