ግሪክ ለዕረፍት ለምትሄዱ፦ መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

ግሪክ ልሂድ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ አይቶ ነው። ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ከሥሩ ባሕር። ከዚያ በቀጥታ ትኬት ፍለጋ ይገባል። እኔ የምላችሁ ግን ትኬቱንም ሆቴሉንም ለጊዜው ተዉትና ካላንደር ክፈቱ ነው። ዋጋው፣ ሙቀቱ፣ የመርከቡ ቦታ፣ ታቬርና (የግሪኮቹ ምግብ ቤት) ገብታችሁ የምትበሉት ሳይቀር በምትሄዱበት ወር ይወሰናል።

ጁላይንና ኦገስትን፣ የልጆች ትምህርት ሆኖባችሁ ሌላ አማራጭ ካላጣችሁ በቀር፣ ዝለሏቸው። የኛ ክረምት የእነሱ ድብን ያለ በጋ ነው። አቴንስ 40 ዲግሪ የምትገባበት ቀን አለ፤ ሙቀቱ ሲጠና ኮረብታው ላይ ያለውን ጥንታዊ ፍርስራሽ፣ አክሮፖሊስን ራሱን እኩለ ቀን ላይ ለሰዓታት ይዘጉታል። ኦገስት 15 (ነሐሴ 9) ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። የእመቤታችን የዕረፍቷ በዓል ስለሆነ ግሪኩ ራሱ ሥራውን ዘግቶ ወደ ደሴቱና ወደ ትውልድ መንደሩ ይጎርፋል። መርከብ ላይ ቦታ ይጠፋል፣ የአልጋ ዋጋም ይሰቀላል። ለበረከት ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ያ ሌላ ነገር ነው። ቲኖስ ደሴት ላይ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት በጉልበታቸው እየዳኹ የሚወጡ ምእመናን ታያላችሁ። ማደሪያ ከወራት በፊት ካልያዛችሁ ግን አትሞክሩት።

የኔ ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ ሴፕቴምበር ነው። ባሕሩ በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ከርሞ ገና አልቀዘቀዘም፣ ሕዝቡ ቀንሷል፣ ዋጋውም ወረድ ይላል። እንቁጣጣሽን አገር ቤት አክብራችሁ መነሣት ትችላላችሁ።

ሌላው ፋሲካ ነው። የግሪክ ኦርቶዶክስ ፋሲካና የኛ ፋሲካ አንድ ቀን ነው የሚውሉት፤ በ2027 ለምሳሌ ሜይ 2፣ ማለትም ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ስቅለት ማታ በአበባ ያጌጠውን የክርስቶስ መቃብር ምሳሌ ተሸክመው ሻማ ይዘው ሰፈር ይዞራሉ። ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ይጠፋና ብርሃኑ ከሻማ ወደ ሻማ ይተላለፋል። «ክሪስቶስ አኔስቲ» (ክርስቶስ ተነሣ) ሲሏችሁ «አሊቶስ አኔስቲ» (በእውነት ተነሣ) ብላችሁ መልሱ። በማግስቱ ቀይ እንቁላልና በግ ጥብስ ነው። ኮርፉ ደሴት ከሄዳችሁ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰዉ ከሰገነቱ ትልልቅ የሸክላ ማሰሮ እየወረወረ ሲሰብር ታያላችሁ፤ እንግዲህ ራሳችሁን ጠብቁ። ሁለት ነገር ግን አስቡበት። በፋሲካ ዕለት ሙዚየሞችና ታሪካዊ ቦታዎች ዝግ ናቸው፤ ባሕሩም ገና ቀዝቃዛ ነው። መዋኘት ዋናው ዓላማችሁ ከሆነ በሴፕቴምበር ሂዱ።

ቀኑን ከቆረጣችሁ በኋላ ወደ ኋላ ቁጠሩ። መጀመሪያ የምታገኙት ቪዛውን ነው።

የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የእንግሊዝ ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም። የጀርመን፣ የጣሊያን ወይም የሌላ ሼንገን አገር (በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች የአንዱ) መኖሪያ ፈቃድ ያላችሁም ከፓስፖርታችሁ ጋር ይዛችሁ መሄድ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘን ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ ወይም ከሪያድ የምንነሣው ግን ሼንገን ቪዛ ግድ ነው። ማመልከቻው የሚገባው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ሲሆን ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ነው። ሕጉ 15 ቀን ቢልም እናንተ አትመኑት። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ሕጉን ሲያጠብቅ መደበኛውን የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ወስዶታል፤ ደጋግሞ መግቢያ ቪዛ መስጠትም አቁሟል። ስለዚህ የቀጠሮውን ወረፋ ጨምራችሁ ቢያንስ አራት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ ይሁን። ፓስፖርቱ ከተመለሳችሁ በኋላ ሦስት ወር የሚቀረው፣ ከተሰጠ አሥር ዓመት ያልሞላውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የባንክ እንቅስቃሴ፣ የሥራ ደብዳቤና የዓመት ዕረፍት ፈቃድ አያይዙ። ከማመልከቻው ሁለት ሳምንት በፊት ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለው ይጎዳችኋል እንጂ አይጠቅማችሁም። ሆቴሉን በነፃ የሚሰረዝ አድርጋችሁ ያዙ፤ የአውሮፕላኑን ትኬትም ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ አትክፈሉ፣ ቦታ መያዣ ብቻ ይበቃል። ጣሊያንንም ግሪክንም የምታዩ ከሆነ ማመልከቻው ብዙ ቀን ለምታድሩበት አገር ነው የሚገባው። ዓረብ አገር ያላችሁ ደግሞ የምታመለክቱት በሕጋዊነት ከምትኖሩበት አገር ስለሆነ መጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ስንት ወር እንደቀረው እዩ።

አሁን ወደ ደስታው እንምጣ። በአንድ ሳምንት አምስት ደሴት አይታይም! ሰዉ ሳንቶሪኒ፣ ሚኮኖስ፣ ፓሮስ፣ ቀርጤስ ብሎ ይደረድርና ዕረፍቱን ወደብ ላይ ሻንጣ ሲጎትት ይጨርሰዋል። ለአንድ ሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት አቴንስ፣ የቀረውን አንድ ደሴት ላይ። በቃ። ሳንቶሪኒ እውነትም ያምራል። ግን ውድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ኢያ መንደር ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት የሚሰበሰበው ሕዝብ መፈናፈኛ ያሳጣል፣ የባሕር ዳርቻውም የሚበዛው ጥቁር የእሳተ ገሞራ አሸዋና ጠጠር ነው። ልጆች ይዛችሁ ለመዋኘት ከሆነ ናክሶስን ምረጡ። አሸዋው ረጅምና ለስላሳ ነው፣ ምግቡም የራሱ የደሴቲቱ ድንችና አይብ ነው፣ ኪስም አይጎዳም። ጊዜ የሌለው ሰው ኤጊና ይሂድ፤ በፈጣን ጀልባ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ፒስታስዮውም የታወቀ ነው። ቀርጤስ ግን ራሷን የቻለች ጉዞ ናት። ከዳር እስከ ዳር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች መኪና መከራየት ይኖርባችኋል፤ ከአገር ቤት መንጃ ፈቃዳችሁ ጋር ዓለም አቀፉን አውጥታችሁ ሂዱ።

መርከቡ ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ ቀስ ይላል፣ ይረክሳል፣ ውጭ ተቀምጣችሁ ደሴቶቹን እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ሳንቶሪኒ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ፈጣኑ በአምስት ሰዓት ገደማ ያደርሳችኋል፣ ግን ውድ ነው፣ ማዕበል ሲኖርም ሆድ ያምሳል። ከአቴንስ ኤርፖርት እስከ ፒሬየስ ወደብ በሜትሮ መስመር 3 ሳትቀይሩ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ወደቡ በጣም ሰፊ ስለሆነ ትኬታችሁ ላይ የበሩን ቁጥር ሳታዩ እንዳትወርዱ። በሮቹ ከኢ1 እስከ ኢ12 ይደርሳሉ፤ የተሳሳተ በር ላይ ከቆማችሁ ሻንጣ ይዞ ሩጫ ነው። ትኬቱ ላይ ራፊና የሚል ካለ ደግሞ ያ ሌላ ወደብ ነው፣ ከኤርፖርቱ ብዙም አይርቅም።

አቴንስ ላይ አክሮፖሊስን ጠዋት 2 ሰዓት በሩ ሲከፈት ግቡ። መግቢያው 30 ዩሮ ነው፣ ትኬቱም የመግቢያ ሰዓት ስላለው አስቀድማችሁ ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ግዙ። ከኖቬምበር እስከ ማርች ባሉት ወራት የመጀመሪያው እሑድ ነፃ ነው። ድንጋዩ በሰው እግር ብዛት ተልጎ ስለሚያንሸራትት ሸራ ጫማ አድርጉ፣ ተረከዝ ያለውን ለፎቶ ብላችሁ አትልበሱ። ከዚያ ወርዳችሁ በ1896 የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ የተካሄደበትን የእብነ በረድ ስታዲየም እዩ። ሩጫ ወዳድ ከሆናችሁ ደግሞ በሜትሮ መስመር 1 ኢሪኒ ፌርማታ ወርዳችሁ የ2004ቱን የኦሎምፒክ ስታዲየም ከውጭ ቢሆንም ተመልከቱት። ቀነኒሳ 10,000 ሜትርን፣ መሠረት 5,000ን ያሸነፉት እዚያ ነው። የቱሪስት መጽሐፍ አያስገባውም፣ ለኛ ግን ከአንዳንዱ ፍርስራሽ ይበልጣል።

ምግብ ላይ እኛ እንታደላለን፣ በተለይ የምንጾመው። ኦርቶዶክስ አገር ስለሆነ «ኒስቲሲሞ» ካላችሁ የጾም ማለታችሁ እንደሆነ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል። ጥያቄ ሳታበዙ በቲማቲም የተሠራ ትልልቅ ባቄላ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ በዘይት የበሰለ አትክልት ይመጣላችኋል። የሳንቶሪኒው ፋቫ ደግሞ ወፍራም ሽሮ ነው ብላችሁ ብሉት። የእነሱ ጾም ግን ዓሣ ቢከለክልም ካላማሪና ሽሪምፕ ይፈቅዳል፤ ለናንተ የማይሆን ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ዓሣ የምትበሉ ከሆነ በኪሎ ስለሚሸጥ ከመጠበሱ በፊት አስመዝኑና ዋጋውን ጠይቁ። ሳታዙት የሚመጣው ዳቦም ሒሳብ ላይ ይገባል፤ ማጭበርበር አይደለም፣ ልማዳቸው ነው።

የሆቴል ዋጋ ስታወዳድሩ የማይታይ ነገር አለ። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ለክፍል በየሌሊቱ የመንግሥት ክፍያ ይጨመራል፦ ባለ ሁለት ኮከብ 2 ዩሮ፣ ባለ ሦስት 5፣ ባለ አራት 10፣ ባለ አምስት 15። ብዙ ጊዜ ቦታው ስትደርሱ ነው የሚከፈለው። ኤቲኤም ላይ ደግሞ ማሽኑ በራሳችሁ ገንዘብ ልቀይርላችሁ ካለ እምቢ በሉትና በዩሮ ይሁን በሉ። የባሕር ዳርቻው የሕዝብ ነው፣ የሚከፈለው ለወንበሩና ለጥላው ብቻ ነው፤ ፎጣ አንጥፎ መተኛት ነፃ ነው። የአቴንስ ቧንቧ ውኃ ይጠጣል፣ ብዙ ደሴቶች ላይ ግን የታሸገ ግዙ። ሽንት ቤት ውስጥ ወረቀት አይጣልም፣ አጠገቡ ቅርጫት አለ፤ ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ነው።

አንድ የቀረኝ፣ እሱም ዋናው ነው። የመጨረሻዋን ሌሊት ደሴት ላይ አትደሩ። በተለይ በጋ ላይ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሲበረታ የወደብ ባለሥልጣን መርከብ እንዳይነሣ ያግዳል፤ የመርከብ ሠራተኞች አድማም አለ። መርከብ በነፋስ ሲቀር ኩባንያው ወይ ገንዘባችሁን ይመልሳል ወይ በሚቀጥለው ያሳፍራችኋል፣ አውሮፕላኑ ግን አይጠብቃችሁም። ነጠላ መግቢያ ቪዛ የያዘ ሰው ደግሞ ቀኑ ካለፈበት ለሚቀጥለው ማመልከቻ ጣጣ ነው። ስለዚህ በረራው እሑድ ከሆነ ቢያንስ ቅዳሜ ጠዋት መርከብ ተሳፈሩ፣ ማታ አቴንስ እደሩ።